ዘጠኝ ቀን ጅብ የነበርኩበት ክረምት

እኔ በጣሊያን ጊዜ ለዘጠኝ ቀን ጅብ ነበርኩ።

አትሳቁ። ተፈርዶብኝ ነው፤ በሽማግሌ፣ በመሃላ፣ በማስረጃ። በሐሜት ጅብ የተባለ ሰው ሞልቷል። በፍርድ ጅብ የሆነ ግን በኮልፌ ከኔ በፊትም ከኔም በኋላ የለም። ይህን ባወራሁ ቁጥር ሰው እርስ በርሱ ይተያይና "ይሄ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ ጀመረው" ይላል። ይበል። ፊደል እንኳ ያለ አስተማሪ፣ ከስኳር መጠቅለያ ወረቀት ላይ ነው የለየሁት፤ ያንንም መጀመሪያ ማንም አላመነኝም ነበር።

ያኔ ኮልፌ ዛሬ የምታውቋት ኮልፌ አይደለችም። ባሕር ዛፍና ጉም ነበረች። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከቀራንዮ በኩል ይወርድና ጎጆውንም አጥሩንም ይውጠዋል። ሰው ከወገቡ በላይ ብቻ ሲንሳፈፍ ታየዋለህ። እግር የሌለው ጎረቤትህ "እንዴት አደርክ?" ይልሃል፣ አንተም እግር የለህም፣ "እግዜር ይመስገን" ብለህ ታልፋለህ። ከጉሙ ውስጥ የሚሰማው ሁለት ነገር ነው፤ በዚህ በኩል የቀጥቃጩ መዶሻ፣ በዚያ በኩል ዳገቱ ላይ የሚያቃስተው የጣሊያን ካሚዮን። አሁን ሳስታውሰው ያ ክረምት የኖርኩት ሳይሆን ተኝቼ ያየሁት ይመስለኛል። አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፣ "አንተ፣ እውነት ነው ወይስ አልመኸው ነው?" ከዚያ ጋቢዬን አወጣለሁ። የጋቢውን ነገር እደርስበታለሁ።

ሥራዬ ድንጋይ ፈለጣ ነበር። ጣሊያን በአስኮ በኩል መንገድ ያወጣል፣ እኛ እንፈልጥለታለን። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ስለ ጉልበቴ ራሴ ባወራ ጉራ ይሆናል፣ ስለዚህ በአጭሩ ልናገር፤ ድንጋዩ እኔን ሲያይ በራሱ ይሰነጠቅ ነበር። ዶማዬን የሚስሉልኝ ጎረቤቴ ቀጥቃጩ ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ፣ ትንሽ ትልቁ፣ እኚህን ሽማግሌ "አንተ" ነበር የሚላቸው። ማረሻውን፣ ቢላዋውን፣ መጥረቢያውን ይሠሩለታል፣ "አንተ" ይላቸዋል። ብረት የሚያቀልጥ ሰው ዓይኑ ይበላል፣ ቡዳ ነው፣ ሲፈልግ ጅብ ሆኖ ይወጣል ይባላልና። እኔ "አባባ፣ እርስዎ" እላቸው ነበር። ደግ ስለሆንኩ አይምሰላችሁ፤ ዶማዬ በእጃቸው ስለሆነ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከበላይ ያለው ጎረቤታችን፣ እንጨት ነጋዴው፣ ያገባት ልጅ የታመመች ጊዜ ነው። ከሠርጓ ገና ሦስት ወሯ። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃጠላለች፣ ደሞ ትንቀጠቀጣለች። ጤና አዳም አስሸተቷት፣ ነጭ ሽንኩርት አስሸተቷት፣ አልሆነም። በመጨረሻ ሴቶቹ ከበው ያስለፈልፏት ጀመር።

"ተናገር! ማነህ? የት አግኝተህ በላሃት?" የሚጠይቁት እሷን ሳይሆን የበላትን ነው።

እሷም ዓይኗ ተገልብጦ፣ "እሳት... እሳቱ ፊት የተቀመጠው... አቃጠለኝ" አለች።

ንዳድ የያዘው ሰው ከእሳት ሌላ ምን ሊያወራ ነው? ይሄን ዛሬ እላለሁ። ያኔ ግን እኔም እዚያው ደጅ ላይ ቆሜ ነበር፣ ፀጉሬም ቆሟል። ቀና ስንል ከጉሙ ውስጥ ወናፉ ይተነፍሳል፤ ፉ... ፉ... ፉ... እሳቱ ፊት የተቀመጠው ሰውዬ ሥራውን ይሠራል።

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ከበላተኛው ልብስ ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ትቀዳለህ፣ ፍም ላይ ጣል ታደርጋለህ፣ በሽተኛዋን ታጥናታለህ። ጨርቁ የበላተኛው ከሆነ ትነሳለች፣ ካልሆነ አትነሳም። ባልየው ማልዶ በዚያ ጉም ውስጥ ተጎንብሶ ሄደ፣ ከቀጥቃጩ አጥር ላይ ከተሰጣው ጋቢ ጫፉን ቀደደ፣ ግማሹን አጨሰው። ሚስቱ ሦስቴ አስነጠሳት። ከዚያ ተነስታ ተቀመጠችና፣ "ምንድነው የሚሸተው? ደሞ ራበኝ" አለች።

አለቀ። ቡዳው ተገኘ።

በነገታው ከሰዓት በኋላ አጎቴ ጋ ሄድኩ። አጎቴ የናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሰፈሩ ሲጣላ የሚዳኘው እሱ ነበር። ድንበርም ይሁን ፍቺ፣ ፀቡን ሁሉ ይዘው እሱ ጋ ነው የሚመጡት። አጥሩ ሥር ተቀምጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣቱ እያሸ ያሸታል።

"ጋሼ" አልኩት፣ "ሽማግሌውን ምን ሊያደርጓቸው ነው?"

"ወናፉ ይቀደዳል፣ ከሰፈር ይወጣል።"

"ማንም ሳያያቸው? በምን ታውቆ ነው የሚቀጡት?"

"ስማ አንተ። በጎራዴ የመጣብህን በጎራዴ ትመልሳለህ። በዓይኑ የመጣብህን በምን ትመልሰዋለህ? ቅጣቱ የሚከብደው መከላከያ ስለሌለው ነው። ማስረጃ ትለኛለህ፤ ማስረጃዋ ራሷ ናት። የተበላ ሰው የበላውን ይሳሳታል? ሁለተኛው ጭሱ ነው። ጨሰ፣ ዳነች። ከዚህ የበለጠ ሚዛን ከየት ላምጣልህ?"

"ባይጨስስ? ዝም ብላ ብትድን ኖሮስ?"

"ጨሰ እኮ!" አለና ጠጠር ወረወረብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አረገ። "ደሞ እኔ ባልቀመጥበት ቤቱን በላዩ ላይ ያቃጥሉበታል። ፍርድ ለሚፈረድበትም ጥላ ነው፣ ይገባሃል? ሰው ፈርቷል። ከዚያ ከየካቲቱ እሳት ወዲህ የሚይዘውን አጥቷል። የሚበላንን እናውቀዋለን፣ ስሙን መጥራት አንችልም። ስሙን የምንጠራው ሰው ያስፈልገናል።"

ካሚዮኑ ዳገቱ ላይ አቃሰተ። ሁለታችንም ወደዚያ አየን።

አጎቴን እንደ ሞኝ አትዩት። በሕይወቴ ካየኋቸው አስተዋይ ሰዎች፣ ከኔ ቀጥሎ፣ እሱ ነው።

ወጥቼ ወደ ቀጥቃጩ ወረድኩ። ሰምተዋል። ያልተጠየቁትን ዶማዬን ይስላሉ።

"ካባረሩኝ ወዴት እሄዳለሁ ልጄ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "በደህናው ዘመን ቢሆን ወደ ሌላ አገር አልፋለሁ። ዛሬ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ከየት ነህ፣ የማን ነህ ይባላል። የማን ነኝ ልበል? መልስ ለሌለው ሰው መልሱ ጥይት ነው።"

ከዚህ የባሰም ነበረ። ባልየው በየደጁ እየዞረ፣ "ሽማግሎቹ ካልፈረዱ ጠንቋይ ነው ብዬ ኬላው ላይ ለጣሊያን እሰጠዋለሁ" ይላል። ጣሊያን በዚያ ዓመት ጠንቋዩንም ባሕታዊውንም እየለቀመ ይረሽን ነበር። ለምን ብትሉ፣ "ጣሊያን በቅርቡ ይወጣል" ብለው ይተነብያሉ ብሎ። እዩት እንግዲህ፤ ጥንቆላ ውሸት ነው ካለ ምን አስፈራው? እውነት ነው ካለ ደሞ ጠመንጃው ምን ያደርግለታል? ይሄን ጥያቄ ያኔ ባነሳው አሁን አላወራም ነበር።

ሸንጎው ለቅዳሜ ተቀጠረ። ችግሩ፣ ሰው ተሰብስቦ መቀመጥ ተከልክሏል። የተፈቀደው ለቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ተቀመጥን። ማንም አልሞተም፤ ድንኳን ተከልን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። ሟች የሌለበት ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ይከራከራል። ጉሙ በድንኳኑ በር እየገባ በእግራችን መሐል ይተኛል። ቀጥቃጩ መሐል ላይ መሬት ተቀምጠዋል። እኔ ምሰሶው ሥር፣ ጋቢዬን አጣጥፌ ተቀምጬበታለሁ።

ባልየው ተነስቶ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ቅዳጅ አወጣ። "ይኸው ከጭሱ የተረፈው" አለና ዘረጋው።

እኔም አየሁት። ነጭ ጨርቅ፣ ጫፉ በጥቁር ክር የተሰፋ።

ያ ጥቁር ክር የናቴ ነው። ነጭ ክር አልቆባት በጥቁር ጠቀመችልኝ፣ ስንት ቀን ተነጫንጬባታለሁ። አሁን ገባኝ። ጋቢዬ ዝናብ መትቶት ቶሎ እንዲደርቅልኝ ከፍሙ ሙቀት አጠገብ፣ የቀጥቃጩ አጥር ላይ ያሰጣሁት እኔ ነኝ። ሳነሳው ጫፉ የለም፤ ፍየል በልታው ነው ብዬ ፍየሏን ረግሜያታለሁ። የሽማግሌው ጋቢ እቤታቸው ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። ባልየው በጉሙ ውስጥ የኔን ነው የቀደደው። ያን ጋቢ በሳምንት ስድስት ቀን ድንጋይ ፈለጣ ላይ ነው የምለብሰው፤ እንኳን የታመመ የሞተም አሽትቶት ይነሳል።

አሁን ወዲያው ብድግ ብዬ ተናገርኩ ብል ደስ ባለኝ። አልተናገርኩም። የጨርቁ ባለቤት ቡዳ ነው፤ ጨርቁ የኔ ነው። ቡዳ የተባለ ሰው ሚስት አያገባም፣ ማኅበር አይጠጣም፣ ሰው ምሳውን እያየው አይበላም። ጋቢዬን በቂጤ ጫን አልኩት።

አጎቴ ፍርዱን ሊሰጥ ጉሮሮውን ሲጠርግ ውጭ የቡት ጫማ ተሰማ። ጥበቃው ነው። ሁለት ነጭ ወታደር፣ አንድ የኛ ሰው አስተርጓሚ።

"ምንድነው ይሄ?"

"ለቅሶ ነው ጌታዬ" አለ አጎቴ።

ከዚያ ሴቶቹ! እንዲያ ያለ ለቅሶ በእውነተኛ ሞትም ሰምቼ አላውቅም። ደረት ተመታ፣ ፊት ተነጨ። እኔም "ወየው ወንድሜን!" እያልኩ ጮህኩ፤ ወንድም የለኝም። ወታደሮቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ አማተቡ፣ ጉሙ ውስጥ ጠፉ።

ጫማው ሲርቅ ለቅሶው እንደተቆረጠ ክር ቆመ። አንድ ሰው ግን አላቆመም። ቀጥቃጩ ጥቁር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ያለቅሳሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ለቅሶው እውነት የነበረው የእሳቸው ብቻ ነው። የራሳቸውን ለቅሶ ተቀምጠዋላ።

እኔ ያንን ማየት አልቻልኩም። ብድግ አልኩ።

"ጋሼ፣ ከመፍረድዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። ጭሱ የሚያድነው ጨርቁ የበላተኛው ከሆነ ብቻ ነው ብለዋል?"

"ብያለሁ።"

"የሌላ ሰው ጨርቅ ቢሆን አይሠራም?"

"አይሠራም አልኩህ! ከአባቶቻችን የመጣ ነው።"

"ይማሉ?"

"ማርያምን! ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?"

ጋቢዬን ዘረጋሁ። የጎደለውን ጫፍ ከባልየው ቅዳጅ ጋር አገጣጠምኩት። ጥቁሩ ክር ከጥቁሩ ክር ጋር ሄደ።

"እንግዲያው እኔ ነኝ የበላኋት" አልኩ።

ከዚያ አንዲት አሮጊት፣ "ውይ በሞትኩት! ከመቼ ጀምሮ ልጄ?" አሉ።

ያልጠበቅኩት ተቃውሞ ከቀጥቃጩ መጣ። እንባቸውን በክርናቸው ጠርገው ብድግ አሉና፣ "ይሄ? ይሄ ነው ቡዳ? አንድ ምስማር ቀጥቅጦ አያውቅም! እጁን እዩት፣ እንደ ሙሽራ እጅ ነው! የሱ ዓይን እንኳን ሰው እንጀራም አይበላም!" ብለው ጮኹ። ከልባቸው ተናደዋል። ላድናቸው ተነስቼ ሙያቸውን ሰደብኩባቸው። ይሄ ነገር ስንት ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ እሳቸው እንኳ የሚፈሩትና የሚኮሩት በአንድ ነገር ነበር፣ ሰው የማይችለውን በመቻላቸው።

አጎቴን ግን ማየት ነበረባችሁ። ላብ በላብ። ጭሱ አይሠራም ቢል መሃላው አለ፣ ሽማግሌውም ነፃ ናቸው። ይሠራል ቢል እኔ ቡዳ ነኝ። ቡዳነት ደሞ በዘር ነው የሚሄደው፤ ዘሬ በናቴ በኩል ዳኛው ራሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደሱ ዞሮ ቀስ እያለ ንፍሮውን በነጠላው ይሸፍን ጀመር።

ከዚያ ተናገረ። "ጨርቁ የሱ ነው፣ ጭሱም ሠርቷል። ግን ጋቢው ከቀጥቃጩ እሳት አጠገብ አደረ፣ ሙቀቱ ገባበት። የገባ ነገር ይወጣል። ስለዚህ ይሄ ልጅ ለዘጠኝ ቀን ቡዳ ነው። ዘጠኝ ጧት ጠበል ይጠመቅ፣ በሽተኛዋን እንትፍ ይበልባት፣ ሰው ሲበላ አይይ። በአሥረኛው ቀን ሰው ነው።"

"ቀጥቃጩስ?" አለ ባልየው።

"ለአንድ በሽተኛ ሁለት በላተኛ አይፈረድም።"

"እኔ ኬላው ጋ—"

"ሂድ። ሚስቴን የበላው የዳኛው እህት ልጅ ነው በላቸው። የውሸት ለቅሶም ተቀምጬ ነበር በላቸው። ሂድ እንጂ!"

ባልየው ተቀመጠ። በኋላ አጠገቤ ሲደርስ፣ "ና እንትፍ በልባት እንግዲህ" አለኝ። ሄድኩ፣ ሦስቴ እንትፍ አልኩባት። ልጅቷ በጉርሻዋ መሐል ቀና ብላ አየችኝና መሶቧን ከደነች።

እንዲህ ሆኜ ጅብ ሆንኩ። ያን ዘጠኝ ቀን እንዴት ልንገራችሁ? በጉሙ ውስጥ ስሄድ ሰው ድምፄን ሲሰማ ከመንገድ ይወጣል። ሰላም የሚለኝ የለም። ጧት ጧት ወንዙ ዳር ጠበል ላይ ብቻዬን እቆማለሁ፤ ውሃው እንደ ቢላዋ፣ ዓለሙ ነጭ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መዶሻ ይመታል። አንድ ጧት ጭቃው ላይ የጅብ ዱካ አየሁ፤ አዲስ ነው፣ ውሃ ገና እየሞላው ነው። የኔን እግር አጠገቡ አድርጌ አስተያየሁ። እየሳቅኩ ነው የጀመርኩት። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ዱካ አየሁ። ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነህ ሲልህ፣ ሰባተኛው ቀን ላይ ምናልባት ትላለህ። ሽማግሌው ስድሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የነቁት።

ሥራ ቦታም ወሬው ደርሷል። ውሃ ስቀዳ ሰልፉ ይከፈትልኛል። የኛ አለቃ ጣሊያን፣ ካፖው፣ ነገሩን በአስተርጓሚ ጠየቀና ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እናንተ ሰዎች፣ እናንተ ኋላቀሮች" አለ። በነገታው አጠገቤ ሲያልፍ አየሁት፤ አንገቱ ላይ በክር ያሰራት፣ የትንሽ ጣት የምታክል ቀይ ቀንድ ሸሚዙ ውስጥ አለች። እኔን ሲያይ ጨበጣት። ሁለት ጣቱንም እንደ ቀንድ ቀስሮ ወደ መሬት ያዛቸው። አገራቸው ላይ የሰው ዓይን የምትመልሰው እሷ ናት አሉኝ በኋላ። እኔም ዝም ብዬ አፍጥጬ አየሁት፤ እስከ ምሽት ድረስ ማንንም አልሰደበም። ጅብነቴን ከሁሉ የወደድኩት ያን ቀን ነው።

በአሥረኛው ቀን ሰው ሆንኩ። ቀጥቃጩ ጋ ገባሁ። ወናፋቸው ይተነፍሳል።

"አመሰግንሃለሁ እንድልህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ።

"አይ አባባ፣ ዶማዬ ደንዟል።"

ተቀበሉኝ፣ ሲስሉት ዋሉ። እስከ ዛሬ እንደዚያ የተሳለ ዶማ ይዤ አላውቅም። ከዚያ ቀን በኋላ ባልየው መጥረቢያውን ሊያስል ሲመጣ "እርስዎ" አላቸው። አንደበቱ ላይ ሲከብደው በጆሮዬ ሰማሁ፣ ግን አለ። ሽማግሌው ጣሊያን ሲወጣም አይተው፣ እርጅና ወስዷቸው፣ እዚያው አልጋቸው ላይ ሞቱ። ያኔ የተተከለው ድንኳን ሟች ያለበት ነበር፤ ከፊት ቆሜ ያስለቀስኩትም እኔ ነኝ፣ አስለቃሽ ጠፍቶ አይደለም።

አላመናችሁም አይደል? ጋቢው አለ፣ ጫፉ እንደጎደለ ነው፣ ኑና እዩ። እሱ ካልበቃችሁ ወደ ላይ ውጡና ያችን የበላኋትን ልጅ ጠይቋት። ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፣ እንጨት ቤቱ አጠገብ ትኖራለች፣ ማንም ያሳያችኋል። በምሳ ሰዓት ሂዱ፣ እኔም አብሬያችሁ እመጣለሁ። ደጁ ላይ ስደርስ መሶቧን ካልከደነች፣ ውሸታም በሉኝ።